ቤቱስ ቆመ፣ ባለቤቱስ?

በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ዙሪያ የሚካሄደው ሙግት ሁለት ወገን ብቻ ያለው ይመስላል፤ አፍራሽና አልቃሽ። አፍራሹ ግሬደሩን ይዞ ይመጣና «ያረጀና ያፈጀ ሰፈር» ብሎ ጠርጎት ይሄዳል። አልቃሹ ደግሞ አቧራው ሳይሰክን ደርሶ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ «ታሪካችን ፈረሰ» ይላል፤ ማኪያቶውን ጠጥቶ ወደ ሲኤምሲ ይመለሳል። ሁለቱ የሚጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም የሚያዩት ግድግዳውን ነው። ከግድግዳው ጀርባ ማን እንደሚኖር፣ ጣራው ሲያፈስ ማን ወጥቶ ሚስማር እንደሚመታ አይጠይቁም። በዚህች ሂስ ልሞግት የምሻው ሁለቱንም ነው። በዚህች ከተማ እስከ ዛሬ የቆየ ነገር ሁሉ፣ ቤትም ይሁን ዛፍ፣ የቆየው ጠባቂ ስለ ነበረው ነው። የጠፋውም አስቀድሞ ጠባቂውን አጥቶ ነው የጠፋው። ግሬደሩ የሚመጣው ለቀብሩ ነው።

ነገሩን ከቅርቡ እንጀምር። በ2016 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት «የኮሪደር ልማት» በተባለው ሥራ የፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። ነዋሪው ከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተወሰደ። በ2017 መግቢያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ከዚያ ከተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ገቡ። ካዛንቺስ የሚለው ስም፣ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅታቸው የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» እየተባለ ካዛንቺስ ሆነ። ቤቶቹ ሲሄዱ ስሙ ታክሲ ተራ ላይ ቀርቷል። ረዳቱ አሁንም ይጠራዋል። ለአንድ ሰፈር ከዚህ የሚበልጥ የመቃብር ሐውልት ማቆም አስቸጋሪ ነው።

ለአፍራሹ ወገን የሚገባውን ልስጠው። ዶሮ ማነቂያን ከውስጡ የሚያውቅ ሰው በናፍቆት ብቻ ሊያወራለት አይችልም። በአንድ ክፍል ሦስት ትውልድ የሚያድርበት፣ ለብዙ አባወራ አንድ ሽንት ቤት የሚደርስበት፣ ክረምት ሲገባ ባልዲና ሰፌድ ከወለሉ ላይ የሚደረደርበት ኑሮ ቅርስ አይደለም። «ይህ ይቀየር» ያለ ባለሥልጣን ሐሰት አልተናገረም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ እነዚያ ቤቶች ሲሠሩ እንደዚያ ነበሩ ወይ?

አልነበሩም። ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት አርባ ዓመታት አራዳን የሠሩት የአገሬው ባለሙያዎች ከአርመን፣ ከሕንድና ከግሪክ ግንበኞች ጋር ሆነው ነው። ምድር ቤቱን በድንጋይ፣ ፎቁን በእንጨትና በጭቃ ምርግ ያቆሙታል። በዙሪያው የእንጨት ሰገነት ያዞሩበታል፤ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሰው ክፈፉ ላይ እንደ ጥልፍ የተቀረጸ ጣውላ ያንጠለጥሉበታል። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ከኋላ ጓሮ። ፀሐይና ዝናብ በየተራ ለሚፈራረቁባት ደጋ ከተማ ከዚህ የተሻለ አሳብ ዛሬም ብዙ አልመጣም። ሰገነቱ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፤ ጭቃው ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

ነገር ግን ይህ ቤት አንድ ዐመል አለው። ሰው ይፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ በየጊዜው መለሰን አለበት። ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ ሲበሳ ውኃው በምርጉ ውስጥ ቁልቁል ይወርድና የቋሚውን እግር ያበሰብሳል። ቋሚው ሲበሰብስ ግድግዳው ይዘማል፤ ግድግዳው ሲዘም ጣራው ይላቀቃል፤ ሌላ ብዙ ቀዳዳም ይከፈታል። ብልሃተኛ ነኝ ያለ ደግሞ ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስነዋል። ይህ ከዝናቡ የከፋ ጠላት ነው። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረውና እንጨቱን ከውስጥ ያስበላዋል። ከውጭ ሲታይ አዲስ የመሰለው ግድግዳ አንድ ቀን ዱቄት ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ይህን ቤት ያቆየው የግንበኛው ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ሰኔ ሳይገባ መሰላል የሚያቆመው ሰው ጭምር ነው።

ያ ሰው ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ ከቤቱ ተፋታ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለብዙ ድኃ ተከራይ እፎይታ እንደ ነበር ልክድ አልሻም። ኪራይ ቀነሰ፤ «ውጣ» የሚል አከራይ ቀረ። በወር ከመቶ ብር በላይ የሚከራየው ለኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ ተከፋፈለ። በዚህ ክፍፍል ግን አንድ የተረሳ ነገር ነበር፤ መሰላሉ። የቀድሞው ባለቤት የለም። ተከራዩ በሰው ቤት ላይ ገንዘቡን አያፈስም፤ አፈሳለሁ ቢልም ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሚስማር መምታት ያስጠይቀዋል። ቀበሌው ደግሞ ከሚሰበስባት ጥቂት ብር ላይ ቆርቆሮ መግዣ አይተርፈውም። ቤተሰቡ ሲበዛ ሰገነቱ በጣውላ ተዘግቶ ክፍል ሆነ፤ ጓሮው ላይ ማድ ቤት በቀለ፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ የልጅ ቤት። ይህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀጠለና መጨረሻ ላይ አንድ ሰው መጥቶ «ይህማ ደሳሳ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ያስረጀው ግን ዕድሜ አይደለም። አፍራሹ የሚጠቅሰው የመፍረስ ምክንያት ያው ራሱ አከራዩ ያዘጋጀው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው በራሱ ወጪ በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። መልካም ነው። ባለቤቱ ቀበሌ ሲሆንስ? አስጠንቃቂው መንግሥት፣ ተጠንቃቂው መንግሥት፣ አፍራሹም መንግሥት ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ችሎት አይኖርም። የከተማው የቅርስ መዝገብም ቢሆን የሚያውቀው ሕንፃን በነጠላ ነው፤ ይህ የደጃዝማች እገሌ፣ ያ የነጋድራስ እገሌ ቤት። የቤቱ ቁጥር ይመዘገባል፤ ከቤቱ ወደ ወንዙ የሚወርደው የድንጋይ መንገድ፣ አጥሩን ተደግፎ ያደገው ወይራ፣ በሩ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። አንዱ ቤት በዙሪያው ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለብቻው ሲቀር አይቶ «ቅርሱስ ተጠብቋል» የሚል መግለጫ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ተመልከቱ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ተሠርቶ ሥራ የጀመረ፣ በከተማው የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ሲከፈት ለገንዘብ መብላት ነውር የሚመስለው መኳንንት እንዴት እንደተለማመደ ሲተረክ ኖሯል። ንጉሡ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው አበሏቸው፤ በሌላ ቀን ግን ሒሳቡን የየራሳቸው አደረጉት ይባላል። ወረራ መጣ፤ አብዮት መጣ፤ ውርስ መጣ፤ ሆቴሉ ስሙን ቢቀያይርም ሥራውን አልለወጠም። አልጋ ማከራየትና ምሳ ማቅረብ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ ቤት ጨምሮ ብዙውን ክፍል ሲበላው ከተማው ሁሉ «ጣይቱ አበቃ» ብሎ ነበር። አላበቃም፤ ተጠገነና እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። ለምን? ቤቱ እንጀራ ስለሚያስገኝ ነው። ተዘግቶ ቢያድር የሚከስር ሰው አለው። ለአሮጌ ቤት ከዚህ የበለጠ ዘበኛ አይገኝም።

ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሕንፃ አለ፤ በገንዘብ ብዛት ከጣይቱ ጋር የሚገናኝ አይደለም እንጂ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ፣ የአፍሪካ አዳራሽ፣ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 እንደገና ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ተጠግኖ፣ የጥንት ወንበሮቹ ታድሰው፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃው ተጠናክሮ ሲታይ፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሥራ ይቻላል ያሰኛል። «ለተባበሩት መንግሥታትማ ገንዘብ ሞልቶት» ይባል ይሆናል። ገንዘቡ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የመጣው ጉዳዩ ጉዳዬ ነው የሚል፣ በየዓመቱ የሚሰበሰብበት፣ ስሙ በሕንፃው የሚጠራ ባለቤት ስላለ ነው። ገንዘብ ብቻውንማ ብዙ ነገር ሲያፈርስ አይተናል።

ድኃም ቢሆን ይችላል። ለምስክር ሐረር አለች። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በግንቧና በበሮቿ ብቻ አይደለም፤ በቤቶቿም ነው። የሐረሪ ቤት ጌይ ጋር ውስጥ ገብቶ ያየ ሰው ነደባውን ያስታውሳል፤ ደረጃ ደረጃ ሆኖ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በሥርዐት የተወሰነበት መደብ። ቀዩ አፈር በየጊዜው ይቀባል፤ ግድግዳው ላይ ሳህኑና ሙዳዩ በየቦታው ይሰቀላል። ያን ሁሉ የሚያደርገው ባለሙያ ሳይሆን የቤቱ ሰው፣ በተለይም ሴቶቹ ናቸው። ሠርግ ሲመጣ ቤቱ ይታደሳል። ጁገልም ዛሬ ሲሚንቶና ብሎኬት እየገባባት መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም እስከ አሁን ያቆያት መዝገቡ ሳይሆን ሠርጉ ነው።

አዲስ አበባ ግን ሌላ መንገድ መርጣለች። ቤተ መዘክር። በራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም የተከፈተው ከተማዋ 100ኛ ዓመቷን ስታከብር በ1979 ነው፤ ውሳኔው ያንን ውብ ቤት ከሞት አድኖታል። የታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ታድሶ በ2012 አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ መከፈቱንም አላናንቀውም። የምኒልክን የጸሎት ቤትና እንቁላል ቤት ሕዝቡ በገዛ ዐይኑ ሊያየው መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ግን ይህ የንጉሥ ቤት ማዳኛ ዘዴ ነው። ቲኬት ተቆርጦ፣ በመስመር ተገብቶ፣ «አትንኩ» እየተባለ የሚጎበኝ ቤት ምን ያህል ሊኖረን ይችላል? ለልብስ ሰፊው፣ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለአርመኑ ወርቅ ሠሪ ቤት ሁሉ ዘበኛና አስጎብኚ ልንቀጥር ነው? እንዲህ ያለው ቤት የሚድነው ሰው ሲኖርበት ብቻ ነው። እኛ የመረጥነው ሰውየውን ገላን ጉራ ልኮ ቤቱን ማፍረስ ወይም ሰውየውን ልኮ ቤቱን መቀባት ሆኗል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ብዙ ግን አይሻልም።

አሁን ከቤት ወደ ዛፍ እሻገራለሁ። መሻገሪያው ቅርብ ነው፤ በአዲስ አበባ ቤትና ተፈጥሮ ተለያይተው አያውቁም። ከተማዋ በ1879 ስትቆረቆር መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈሩ፤ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝ ነበር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቡልቡላ፣ ባንቲ ይቀጡ፣ ቁርጡሜ። ወንዙ አጥር፣ ወንዙ ጓሮ፣ ወንዙ ልብስ ማጠቢያ ነበር። እንጦጦ የነበረው ጥድ ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀና በ1893 ገደማ ምኒልክ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ ዓለም ለመግባት ተዘጋጅተው ነበር። ከተማዋን ከስደት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ባሕር ዛፍን ውኃ መጣጭ፣ አፈር አድራቂ እያልን ስንረግም ይህችን ውለታ ማስታወስ ጨዋነት ነው። መርገሙ ስሕተት ባይሆንም።

እስቲ አንባቢ በሐሳቡ ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመልከት። የድሮው አረንጓዴ የቀረው የት የት ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፤ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጣልያንና በሩስያ ኤምባሲዎች ግቢ ውስጥ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው በእነዚህ ቦታዎች የቆየው አፈሩ የተለየ ስለሆነ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ዛፉን የቅጥሩ ልብስ አድርጎ ያየዋል፤ የሚቆርጥ ሰው ከሰው አልፎ ከታቦቱ ጋር ይጣላል። ኤምባሲው ደግሞ መቶ ዓመት ያልተቀየረ አጥርና አትክልተኛ አለው። የአገራችን ወፍ የፈረንጅ ግቢ ጥገኛ መሆኗ ያሳዝናል፤ ያሳፍራልም። ከአጥሩ ውጭ ያለው የወንዝ ዳር ግን የማንም አልነበረም። የማንም ስላልነበረ ቆሻሻ መጣያ ሆነ፤ ቤት ያጣው ድኃ የላስቲክ ቤቱን ተከለበት፤ ፋብሪካው ቱቦውን ዘረጋበት። ውኃውም ታች አቃቂ ደርሶ ጎመን ያጠጣል። የተጎዳው እንደ ቀበሌ ቤቱ ነው፤ በዚያው በሽታ።

በዚህ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነገር የታየው ከመንግሥት ቀድሞ ከማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር የእንጦጦን ክፍል ተረክቦ ከ1980ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ሲለፋ ኖሯል። ስሙን ልብ በሉ፤ «ባለአደራ» ይላል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ከተማውና ዩኒቨርሲቲው ተጋግዘው ከ700 ሄክታር በላይ ለአገር በቀል ዕፅዋት የከለሉት ነው። እነዚህ ሥራዎች ሪባን አይቆረጥባቸውም። ጥድ ለማደግ የምርጫ ዘመን አይጠብቅም።

በ2011 የታወጀው፣ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ያለማል የተባለው የሸገር ዕቅድና ከዚያ በኋላ የተከተሉት የወንዝ ዳር ሥራዎች ከተማዋን እንደለወጧት የሚክድ የለም። በ2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ሕዝቡ የወደደው ቦታ ነው። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣው ሰው የሚሄድበት አጥቶ የኖረ ሰው ነው፤ ደስታውን ማጣጣል አልሻም። ሂሴ ሌላ ላይ ነው። ዳሩ ሲያምር ውኃው ገና አልጠራም። ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ ካልተያዘ ድንጋይ የተነጠፈበት ዳር ለጥቁር ውኃ የተሠራ ክፈፍ ነው። በየመንገዱ መካከል የተተከለው ዘንባባም በማጠጫ መኪና የሚኖር እንግዳ ነው፤ ከክረምቱ ጋር ተስማምቶ የሚኖረውን ወይራ ወንድሙን ማን እንደናቀበት አላውቅም። ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶችም በእነዚህ ዕቅዶች ውስጥ ቢበዛ በፎቶግራፍ ላይ ናቸው። ጫካውን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ችግኝ የማጽደቁን፣ የመጠበቁን ሥራ በደመወዝ ለእነሱ መስጠት፣ እንጨት ለቃሚዋን ጫካ ጠባቂ ማድረግ፣ ከዘንባባው የረከሰ ነው።

ወደ አልቃሹ ልመለስ፤ በቀላሉ እንዳያመልጥ። አልቃሹ ብዙ ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው። ውቤ በረሃ ሲባል የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ትዝ ይለውና ሰፈሩ በመጽሐፍ ተርፏል ብሎ ይጽናናል። መጽሐፉስ ተርፏል። ልብ ወለድ ግን የሰውን ዐመልና ቋንቋ ያስቀራል እንጂ የደረጃውን ስፋት፣ የመዝጊያውን ማጠፊያ፣ የምርጉን አሠራር አያስቀርም፤ ግዴታውም አይደለም። የአራዳን አሮጌ ቤቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በመጽሐፍ ያዘጋጁልን ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓኦሎ ኪያሪ የተባሉ ጣልያኖች ናቸው፤ መጽሐፉም በእንግሊዝኛ በእ.ኤ.አ. 2004 ወጣ። በአማርኛ እኩያውን የሚያህል፣ ሰው በእጁ ይዞ ፒያሳን ሊዞርበት የሚችል መጽሐፍ ሲነበብ አላየሁም። ስንኝ ቋጥረን እናለቅሳለን፤ ሜትር ዘርግተን አንለካም። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት አንድ የኪነ ሕንፃ ተማሪ ሁለት ቀን ተቀምጦ ቢነድፈው ኖሮ ቢያንስ ዳግም የሚሠራበት ወረቀት በኖረን ነበር።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚል፣ ብዙም የረቀቀ ነገር የለኝም። ለቀሩት አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ነዋሪውን ከነግዴታው ባለቤት ማድረግ ይቻላል። ቤቱ ያንተ ነው፤ ሰገነቱን ግን አትዘጋም፣ ሲሚንቶ አትለስንም፣ ታች ያለውን ሱቅ ብታከራይ ከኪራዩ ይህን ያህሉ ለጣራው ይውላል። የተጨናነቀው ቤተሰብ ይሳሳ ከተባለም፣ አንዱ ቤት ሲቀር ሌላው እዚያው ሰፈር ውስጥ በሚሠራ ፎቅ ይግባ፤ ዕድሩን፣ ጽዋውን፣ ዕቁቡን ይዞ። ይህ ርካሽ አይደለም፤ አራዳ መሬት ውድ መሆኑን አውቃለሁ። መሬቱ የተወደደው ግን ሰው ስለሚወደው ነው፤ ሰው የወደደው ደግሞ አሁን የምንጠርገውን ነገር ነው። ባለ መስተዋቱን ፎቅ ሊያይ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ያን በየአገሩ ትቶት ነው የሚመጣ።

በአራዳ ከግሬደሩ የተረፉ ቤቶች ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ አዲስ ቀለም ተቀብተው መንገድ ዳር በመብራት ያሸበርቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ናቸው። ቀለሙን የቀባው ሠራተኛ ደመወዙን ተቀብሎ ሄዷል። ክረምቱ ሲገባ፣ በሰገነቱ ጥግ ያለችው ቆርቆሮ ነፋስ አንሥቷት ብታድር፣ ጠዋት ላይ መሰላል ይዞ የሚወጣው ሰው ስም በየትኛውም ክፍለ ከተማ መዝገብ ላይ እስካሁን አልተጻፈም።